የኋላው መቀመጫ

ያለፉትን ሳምንታት ያላነበበ ሰው ብዙ አላመለጠውም፤ ሁለት ሰዎች ዓመት ሊሞላ ለተቃረበ ጊዜ ስለ ሞተር ሲያወሩ ነው የከረሙት። አንደኛዋ የአባቷን የሞተር ሳይክል መሸጫ የምትመራ፣ ሠላሳን ያለፈች፣ ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ ኪሱንም ቁመቱንም ባንድ እይታ የምትለካ ሻጭ ናት። ሌላው ጎልማሳነቱን ሁሉ መድኃኒት ከሆስፒታል ሆስፒታል በሞተር ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። የሥራ ጓደኞቹ "ቀስ በል" ይሉታል፤ ለጀማሪ ሞተረኛ ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይኸው ስለሆነ። ወድቆ አያውቅም፣ ሰው ገጭቶም አያውቅም። ሁለቱ እንደሚዋደዱ ደግሞ ከራሳቸው በቀር ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ነገሩ የተጀመረው ቀስ በል የኖረበትን ሞተር ሊሸጥ የመጣ ቀን ነው። ሸጠና ትልቅ ስኩተር እፈልጋለሁ አላት። ሻጮቹ ማክሲ ስኩተር የሚሉትን፣ መቀመጫው የተንጣለለ፣ ማርሽ የማይቀየርበት፣ የፊት መስታወቱ ነፋስ የሚከልል፣ ወጣት ሞተረኞች "ሶፋ" እያሉ የሚያሾፉበትን ማለቱ ነው። ሻጯ ገረማት። እንዲህ ያለ ነባር ሞተረኛ ወደ ስኩተር የሚዞረው ወይ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ወይ ሚስቱ ስትቆጣው ነው።

"ወገብዎን ነው?" ብላ ጠየቀችው ያን ቀን።

"ወገቤስ ደህና ነው" አላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሩ እየመጣ ያንኑ ሦስት ስኩተር ይዞራል፤ እሷም አብራው ትዞራለች። ነጩ ጉልበተኛ ነው፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ከመኪና እኩል ይሄዳል፤ ግን መቀመጫው ከፍ ያለ ነው፣ ሲቆም ደግሞ ክብደቱ ያስቸግራል። ጥቁሩ ቀላልና ቀልጣፋ ነው፤ ጎማው ትንሽ ስለሆነ ግን የተቦረቦረ መንገድ ላይ አጥንት ያናጋል። ግራጫው መሀል ላይ ነው፤ ጎማው ሰፊ፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ሄልሜት የሚያስቀምጥ። ሻጯ ስለ ነጩ አፏን ሞልታ ትመክረዋለች። ልምድ ያለው ሰው ጉልበት የሚያንሰው ማሽን ሲገዛ ወር ሳይሞላው ይሰለቸዋል፣ ተመልሶ መጥቶም ሻጩን ይወቅሳል።

እሱ ግን ስለ ጉልበት ደንታ አልነበረውም። ሲቆም ይከብዳል ወይ ይላል። ኋላ ሰው ተቀምጦ ሲቆምስ ይላል። የኋላው መቀመጫ መደገፊያ ይገባለታል ወይ፣ የእግር ማሳረፊያው ረጅም ሰው ጉልበቱን ሳያጥፍ ያስቀምጠዋል ወይ ይላል። አንድም ቀን ፊት ተቀምጦ መሪውን ጨብጦ አያውቅም። "እስቲ አንቺ ቁጭ በይበት" ይላታል፤ ስትቀመጥ ዝቅ ብሎ ተረከዟ መሬት መንካቱን ያያል። ሻጯ በሥራዋ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይታለች፤ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም፤ ወደደችው።

የገደላት ደግሞ አተያዩ ነው። የዛሬ ሰው ስታናግሪው ባንድ ዓይኑ ስልኩን፣ ባንድ ዓይኑ በሩን፣ ትንሽ ከተረፈችው በዚያ የምታልፈዋን ሴት ያያል። ቀስ በል እንዲህ አያውቅም። ስታናግረው አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ ፊቷን ፊት ለፊት ያያታል፤ ጨርሳ እስክትናገር ዓይኑን አይነቅልም። አንድ ጊዜ መንገድ የምታስቆም ቆንጆ ደንበኛ በአጠገቡ ስታልፍ ዘወር እንኳ አላለም። ሻጯ ያን ቀን ቤቷ የገባችው እያንጎራጎረች ነው። "እርስዎ" ማለቱን ትታ "አንተ" ማለት የጀመረችውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አባቷ አላንጎራጎሩም። "ይሄ ሞተረኛ ስኩተሩን ነው ሱቁን የሚገዛው?" ይላሉ ከቢሯቸው ሆነው፣ እንዲሰማ አድርገው። ሞተር ሸጠው ቤት የሠሩ፣ ልጅ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ግን ሞተረኛ የሚለውን ቃል ሲናገሩት አፋቸው ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስላል። እንግዲህ በዚህ ሳምንት ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሏት።

"ያንን ሰውዬሽን ሆስፒታል በር ላይ አየሁት። አንዲት ነርስ ክንዱን ይዛ ደረጃውን ታወርደዋለች። እሱም ድግፍ ብሎባታል። ቁመቷ አንቺን ታህላለች።"

የመጨረሻዋን ነገር ለምን እንደጨመሩ እሳቸውም አያውቁም። ሻጯ ግን ምሳዋን አልጨረሰችም። ተረከዟ ለምን ሲለካ እንደከረመ አሁን የገባት መሰላት። ሌላ ሴት ልትነዳው፣ እሱ ከኋላዋ ሊቀመጥ፣ ስኩተሩ በእሷ ቁመት ሲመረጥ ኖሯል። ዓመት ሙሉ ለሰው ሠርግ ልብስ የምትለካ ሞኝ ሆና መቆየቷን አሰበችና ቆሽቷ አረረ።

ቅዳሜ ቀስ በል የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ መጣ።

"ወሰንኩ" አላት። "ግራጫውን ነው። እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ቁጭ በይበት።"

"ስንቴ ልቀመጥበት? ገዢው እርስዎ ነዎት።"

"እርስዎ" የምትለዋን ሲሰማ እንደ ልማዱ አንገቱን አዙሮ አያት። "ምን ሆነሻል?"

"ምን እሆናለሁ? ደንበኛ ነዎት፣ ሻጭ ነኝ።"

ግን ተቀመጠች። እልህ ያለበት ሰው አንዳንዴ የሚያመውን ነገር እስከ መጨረሻው ካላየ አይወጣለትም። ቀስ በል ቁጢጥ ብሎ ተረከዞቿን አየ።

"ሁለቱም ይነካሉ?"

"ይነካሉ።"

"ኋላ ከባድ ሰው ቢቀመጥስ? እንደኔ ያለ?"

"ይቻላል" አለች። "ስጦታ ነው መሰለኝ።"

ፊቱ ላይ እፍረትና ደስታ ባንድ ላይ መጣ። "ስጦታ… እሺ፣ እንደሱ በይው።"

"ቁመቷ እኔን ታህላለች ማለት ነው።"

ቀስ በል ሳቀ። ገብቷት የምትቀልድበት ነበር የመሰለው፤ ለዓመት አልወጣ ያለው ቃል እሷው አፍ ላይ መገኘቱ ሸክም አወረደለት። "ልክ አንቺን ነው የምታህለው" አላት።

በሰው ፊት ጥፊ ብትቀምስ ይሻላት ነበር። ከስኩተሩ ወርዳ ቁልፉን ዘረጋችለት።

"እንግዲያው ይንዱት። ሳይነዳ የሚሸጥ ማሽን የለንም። የቤቱ ደንብ ነው።"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "እኔ መንዳት አያስፈልገኝም።"

"ዕድሜዎን ሙሉ ነድተው ዛሬ ፈሩ?"

አባቷ ከቢሯቸው ሰምተው "ሞተረኛው ሶፋ ፈራ" አሉ። ጎማ የሚያጣብቁት ሠራተኞች ሳቁ። ቀስ በል ሳቁ ወደመጣበት አልዞረም፤ የተዘረጋውን ቁልፍ ነው ያየው። ወድቆ የማያውቅ ሰው በወደዳት ሴት ፊት ፈሪ ሲባል ምን እንደሚያደርግ መቼም ንገሩኝ አትሉኝም። ቁልፉን ተቀበለ።

"ግቢው ባዶ ይሁን" አለ ዝግ ብሎ። "አንድም ሰው እንዳይኖር። አንድም።"

ጉራ መሰላት። ቢሆንም ወጥታ ሠራተኞቹን ወደ ሱቁ አስገባች፣ የኋላውን በር አስቆለፈች። ሁሉንም ከግቢው አስወጣች፤ ራሷን ግን ከሰው አልቆጠረችም።

የሱቁ የኋላ ግቢ በግንብ የታጠረ፣ መሬቱ ሲሚንቶ የሆነ ነው። ብርቱካን ቀለም ያላቸው ፕላስቲክ ምልክቶች ተራርቀው ቆመዋል፤ ገዢው በመሀላቸው እየተጠማዘዘ ያልፋል፣ ከዚያ ፍሬኑን ይሞክራል። ሙከራው የሚያልቅበትን ሻጯ ናት የምትወስነው። ከጎን በር ወጥታ ነጩ መስመር ላይ ትቆምና እጇን ታነሳለች፤ ገዢው የፊት ጎማውን እግሯ ሥር አምጥቶ ያቆማል። ከሥራዋ ሁሉ የምትወደው ይህንን ነበር። ከገጠር የመጣ ጀማሪ እንኳ ሳያቆም ቀርቶ አያውቅም። ቀስ በል ይህን ደንብ አያውቅም፤ እዚህ ነድቶ አያውቅማ። እሷም ልትነግረው አላሰበችም፤ እንዲህ ያለ ሞተረኛ ምን ይነገረዋል?

አነዳዱ ያምር ነበር። ያ ከባድ ማሽን በምልክቶቹ መሀል ሲያልፍ በገመድ የሚሳብ ይመስላል። ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ ክርኑ ላላ ብሏል፣ ዓይኑ ከፊቱ ካለው መንገድ አይነቀልም። ሻጯ በጎን በር ስንጥቅ ታየው ነበር። ይህን ሰው ለሌላ ሴት አሳልፌ ልሰጥ ነው አለች በልቧ። ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሠራተኞቹ ሳያዩዋት ነገሩን ልትጨርሰው ፈለገች። በሩን ከፍታ ወጣች፣ መስመሩ ላይ ቆመች፣ እጇን አነሳች።

እሱ ከግራዋ እየመጣ ነበር፤ እሷ ለእሱ በስተቀኝ ነበረች፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስ ርቀት። ይቆማል ብላ ጠበቀች። ፊቱን እስከ መጨረሻው አየችው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፣ ድንጋጤም፣ ቁጣም፣ እሷን ማየትም። መሪውን ወደ ቀኝ አጠፈ።

ፍጥነቱ ብዙ አልነበረም። ማሽኑ ግን ከባድ ነው፤ ሲወድቅ የወደቀው ቀኝ ጉልበቷ ላይ ነው።

ከጩኸቷ ቀጥሎ የምታስታውሰው እጆቹን ነው። ቀስ በል በአራት እግሩ ሲሚንቶው ላይ እየዳኸ መሬቱን በእጁ ይዳብስ ነበር። አጠገቡ ነበረች።

"የት ነሽ?" ይላል። "የት ጋ ነሽ? አናግሪኝ።"

ሕመሙ አእምሮዋን ቢያስታትም ይህን ጥያቄ ልትረሳው አልቻለችም። እንዲህ ቀርቧት የት ነሽ የሚላት ለምንድን ነው?

መልሱን ያገኘችው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበቷ በጄሶ ታሽጎ ሆስፒታል ተኝታ ነው። ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ አጥንቱ ይገጥማል፣ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው ይታጠፋል፣ ክብደትም ይሸከማል ብዬ አላታልልሽም ብሏት ሄዷል። አባቷ ከአልጋው አጠገብ ቆመው አሥር ጊዜ አንሶላዋን ያስተካክላሉ።

የክፍሉ በር ተንኳኳ። የገባችው ነርስ ናት፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ቁመቷ እውነትም ሻጯን የሚያህል። ክንዱን ይዛዋለች።

"ደፍ አለ፣ እግርህን አንሳ" አለችው። ቀስ በል እግሩን አነሳ።

አባቷ አንሶላውን ለቀቁ። "እግሯን ሰብረህ ልትጠይቃት መጣህ?"

"አባዬ" አለች ሻጯ። "ግቢው ባዶ ይሁን ብሎኝ ነበር። ባዶ ያላደረግሁት እኔ ነኝ። እባክህ ትንሽ ውጣልኝ።"

አባቷ ልጃቸውን አዩ፣ ሰውየውን አዩና ወጡ።

ነርሷ ቀስ በልን እስከ አልጋው ድረስ አምጥታ እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረችለት፤ ተቀመጠ። "የዓይን ክፍል ነው የምሠራው" አለቻት ለሻጯ። "ደረጃ ላይ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምይዘው። ግራ ቀኙ ጠፍቶበታል፤ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ነግሮሽ የለ?"

ነርሷ የሁለቱንም ፊት አይታ መናገር ያልነበረባትን እንደተናገረች ገባትና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች ሻጯ።

"ሞተሬን የሸጥኩ ሰሞን ነው ሐኪሙ አቁም ያለኝ። ሕመሙ ዓይኔን ከጠርዝ ጀምሮ ነው የሚበላው። መሀሉ አለ፣ ለጊዜው። ሲጨላልም ግን መሀሉም የለም። አሁን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሌሎቹን ሞተረኞች አሰማራለሁ። በእግሬ የምመጣው ለዚያ ነው።"

"አንገትህን ሙሉ አዙረህ የምታየኝ…"

"አለዚያ አላይሽም።"

ያ ፊት ለፊት መታየት፣ ቤቷ እስክትገባ ያስዘፈናት፣ ለእኔ ብቻ ነው ብላ የተመካችበት፣ ሕመም ነበር። ሳቅ ሳቅ አላት።

"ያቺ ቆንጆ ሴትዮ በአጠገብህ ስታልፍ ዘወር ያላልከው…"

"የቷ ሴትዮ?" አላት ቀስ በል፣ ከልቡ።

ሻጯ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ውጭ ዝናብ ሊዘንብ ሰማዩ ጠቁሮ ክፍሉ ውስጥ ብርሃኑ ማነስ ጀምሯል፤ መብራቱን የሚያበራ ሰው አልመጣም።

"ግራጫው ለማን ነበር?" አለች።

"ላንቺ። አንቺ ፊት፣ እኔ ኋላ። ስሠራ ኋላዬ ሳጥን ነበር የሚቀመጠው፤ ሰው ጭኜም፣ ተጭኜም አላውቅም። መንዳት ሲቀርብኝ የምሞት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንቺን ሳይ፣ ከእሷ ኋላ ብቀመጥ መንገዱን ባላይም አይቆጨኝም አልኩ። ለዚያ ነው ሲቆም አይከብድም ወይ ስልሽ የከረምኩት። እኔን ጭነሽ እንዳትወድቂ ብዬ። ቁመቷ እኔን ታህላለች ስትይኝ የገባሽ መሰለኝ። ስትቆጪ ደግሞ መንዳት ትቼ መቀመጤን ከነገርኩሽ ታዝኚልኛለሽ ብዬ ነዳሁ።"

ሻጯ ሁሉንም በትክክል ገምታ ነበር፤ ነጂዋን ሴት፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ወንድ፣ ስጦታውን። የሳተችው ሴትየዋን ብቻ ነው። አሁን ያ ዓመት ሙሉ ሲመረጥ የከረመው ማሽን ቆሞ እንዳይከብዳት የተለካበት እግር ጄሶ ውስጥ ነው።

"ሐኪሙ ይሄ ጉልበት ክብደት አይችልም አለ" አለችው።

"ነርሷ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ምን ልትለኝ መጣህ?"

"ይቅርታ ልልሽ። ከዚያ ልሄድ። አባትሽ ልክ ናቸው። እኔ ነገ ዓይኔ ጨርሶ ይጠፋል፣ አንቺን ደግሞ አንካሳ አደረግሁሽ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግሽ?"

ንዴቷ የመጣው ያኔ ነው። በአደጋው ሳይሆን በዚህ አነጋገሩ።

"ስማ" አለችው። "ማሽን ለመምረጥ ዓመት ፈጀህ። ጎማውን ጠየቅህ፣ ፍሬኑን ጠየቅህ፣ የእግር ማሳረፊያውን ጠየቅህ። እኔን አንድ ቅዳሜ ልትጠይቀኝ አልቻልክም? ዓይኔ እየጠፋ ነው፣ ትወስጂኛለሽ ወይ ማለት ምን ያህል ቃል ነው?"

"እምቢ ብትይኝስ?"

"እምቢ እል ይሆናል። የኔ ፈንታ ነበር። አሁንም ልሄድ ስትል ብቻህን ነው የወሰንከው። አባዬም ብቻውን ይወስናል፣ አንተም ብቻህን ትወስናለህ፣ እኔ ተረከዜን ብቻ ነው የምለካው። እኔም ደህና ሰው አይደለሁም። ያቺ ነርስ ማን ናት ብዬ ጠይቄህ ቢሆን ዛሬ በሁለት እግሬ እቆም ነበር።"

ቀስ በል አንገቱን ደፋ። "አሁን ብጠይቅሽስ?" አላት።

"አሁን አትጠይቀኝ። አሁን ብትጠይቀኝ አዝኜልህ ነው እሺ የምልህ፤ ወይ ተናድጄ ነው እምቢ የምልህ። ሁለቱም መልስ አይሆንም።"

ዝናቡ መጣና መስኮቱን ይመታው ጀመር፤ ክፍሉ ውስጥ የአልጋው ነጭ ብቻ ቀረ። ቀስ በል ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ግን ከፊቷ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የያዘው። እንባዋ ከጉንጯ ወርዶ ትራሱን አርሶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፊቷ ጠቆር ሲል ገና ያውቅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በዓይን ነው የተነጋገሩት፤ ከባዱን ነገር ሁሉ ለዓይን ትተውለት ነበር። አሁን እሷ ታያለች፣ እሱ አያይም። ዝምታዋን ሲያዳምጥ ቆይቶ ከወንበሩ ተነሳ።

"ተኛሽ መሰለኝ" አለ ዝግ ብሎ፣ ለራሱ ያህል። በሩ ወዴት እንደሆነ ለማወቅ እጁን ዘረጋ።

ሻጯ እጁን አየችው። ማንም ሰው ያንን እጅ እንዳይይዝለት ፈለገች፣ መልሳ ደግሞ ሌላ ሰው ይያዝለት፣ እኔ አልችልም አለች። ፈራች፤ ጨለማው ሰውዬው ዓይን ላይ ብቻ ሳይሆን የቀረው ዕድሜዋ ላይ ሲወርድ ታያት። ደረቷ እስኪያማት ድረስም ወደደችው።

"አልተኛሁም" አለችው። "እያለቀስኩ ነው።"

እጁ ባለበት ቀረ።

"እሺ አላልኩህም። ይቅርም አላልኩህም። ፈርቻለሁ፣ እግሬም ያመኛል፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ። እንድትሄድም አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምነግርህ፤ አንተም እንዲህ ትነግረኛለህ።"

"እሺ" አለ ቀስ በል። ከዚያ መናገር እንደሚማር ሰው ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ፣ "እኔም እያለቀስኩ ነው" አላት።

"አያለሁ" አለችው።

ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።